መልስ፦ ናስተርሺየሜ ቅጠል ብቻ ሆነ፣ አበባ የለውም ላልሽው

እህቴ፣ በየሳምንቱ ፍግ እጨምርለታለሁ ብለሻል አይደል፣ ችግሩ እሱ ነው። ናስተርሺየም የሚባለው የአበባ ተክል አፈሩ በጣም ከለማ ቅጠሉን ብቻ ነው የሚያበዛው፣ ስለዚ ፍጉን አቁሚና ፀሐይ ወዳለበት አስጠጊው። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ በረንዳዬ ላይ በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ነው የተከልኩት፣ ከታች በምስማር በስቼ ቀይ አፈርና አሸዋ ቀላቀልኩ፣ ፍሬውን ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ጠዋት 2 ሳንቲም ያህል ቀበርኩት፣ በ10 ቀን አካባቢ ብቅ አለ። ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ስሩን ይጎዳዋል፣ እዛው የሚያድግበት ላይ ዝሪው።

ደሞ ቅጠሉን ገልበጥ አርገሽ እዪ፣ ጥቁር ጥቃቅን ነፍሳት ተደርድረው ካገኘሽ በውሃ እጠቢያቸው፣ መድኃኒት ግን በናትሽ እንዳትረጪ ምክንያቱም ይበላል! ቅጠሉም አበባውም። ጣዕሙ ልክ እንደ ፌጦ ምላስ ያዝ ያደርጋል፣ እኔ ቲማቲም ሰላጣ ላይ በጣጥሼ ነው የምጨምረው፣ ጾም ላይ በጣም አሪፍ ነው። አበባው ሲከፈት ደሞ ከኋላው ቀጭን ጭራ አለችው፣ ጫፏን ስትመጥጪያት ማር ማር ትላለች።