ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ለምን ዝም ይላል? የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ ሰላም የግሩፓችን ሰዎች። የዛሬዋ መልስ ሰጪ እትዬ ናቸው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ባሉ ሆቴሎች ከአልጋ አንጣፊነት ተነስተው ሥራ አስኪያጅ እስከመሆን ደርሰዋል። አሁን ሠራተኛና አለቃ ያሠለጥናሉ። ርዕሱ አመራርን ከሠራተኛ ጋር መጋራት ነው። ጥያቄያችሁን አሳጥሩ።

እትዬ፦ እንዴት አመሻችሁ። አንድ ነገር ላስቀድም፤ ማታውን ሙሉ እደጋግመዋለሁ። መጀመሪያ የተናገረው ሰው ምን እንደገጠመው ሁሉም ያያል። እሱ ከተቀጣ ሌላው አይናገርም። በሉ ጠይቁ።

ባለ ካፌ (ፔዳ አካባቢ)፦ እትዬ፣ ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለን። «ሐሳብ ያለው?» እላለሁ። ሁሉም ጫማውን ያያል። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ጓሮ ተሰብስበው ሲያወሩ እሰማለሁ። ምን ላድርግ?

እትዬ፦ መጀመሪያ የሚናገረው ማነው?

ባለ ካፌ፦ እኔ ነኛ።

እትዬ፦ ይኸው። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ስብሰባው አልቋል። የቀረው «እርስዎ እንዳሉት» ማለት ብቻ ነው። አለቃ መጨረሻ ይናገር።

ሆቴል ውስጥ የጠዋት ብሪፊንግ፣ ማለትም ከሥራ በፊት የሚደረግ አጭር ስብሰባ፣ አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሁሉም ቆሞ። የተለመደው ከሥራ አስኪያጁ ተጀምሮ ሼፍ፣ ሱፐርቫይዘር፣ አስተናጋጅ እያለ ይወርዳል። ስቲዋርዷ፣ ማለትም ሳህን አጣቢዋ፣ ጋ ሳይደርስ ሰዓት ያልቃል። እኔ ገለበጥኩት፤ ሳህን ከምታጥበው ይጀመር አልኩ። አስቡት፤ ከእንግዳ ጠረጴዛ የሚመለሰውን ሳህን ሁሉ የምታየው እሷ ናት። አሳ ጥብሱ አጥንቱ ተለቅሞ ይመለሳል። ጉላሹ ግማሹ ይመለሳል። ሼፉ ይህን አያይም፣ እኔም አላይም።

መጀመሪያ ላይ «ምንም የለም» ነበር መልሷ። «ሐሳብ አለሽ ወይ?» ስለምላት ነው። ቆይቼ «ትናንት ምን ተመለሰ?» አልኳት። «ጉላሹ» አለች። «ምን ሆኖ ይመስልሻል?» «ድስቱን ሳጥብ ቀመስኩት። ጨው ነው።» ሼፉ ፊቱ ጠቆረ። እዚያው ሰው ፊት አመሰገንኳት። ሼፉን ደግሞ ለብቻው አነጋገርኩት፤ እሷን እንዳይነካትም አስጠነቀቅኩት። እሱን ባላደርግ ኖሮ ያ ቀን የመጨረሻዋ ነበር።

ስለዚህ «ሐሳብ ያለው?» አትበል። ሐሳብ የተማረ ሰው የሚያወራው ነገር ይመስላቸዋል። በዓይኑ ያየውን ጠይቀው። ማሽኑ ጋ የቆመውን ልጅ የትኛው ሰዓት ላይ ሰልፍ እንደሚበዛ ጠይቀው።

ባለሱቅ፦ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ብናስቀምጥስ?

እትዬ፦ ሳጥን ለምጽዋት ነው። ቀጣይ።

ባለሱቅ፦ ኧረ ትንሽ ያብራሩት እትዬ።

እትዬ፦ ስንት ሠራተኛ አለህ? ሰባት? የሰባት ሰው የእጅ ጽሑፍ ታውቃለህ። እነሱም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ቁልፉስ ማን ጋ ነው?

ባለ ጋራዥ፦ እኔ ግን ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው ባይ ነኝ። በእኛ ባህል ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። ልጁ በእኔ ፊት ይህ ልክ አይደለም ካለኝ ነገ ቁልፍ አላቀብልም ይለኛል።

የፖሊ መምህር፦ የትኛው ባህል? እድር ሂድ። ዳኛው መጀመሪያ ይፈርዳል እንዴ? ሁሉም ይናገራል፣ ዳኛው ያዳምጣል፣ መጨረሻ ላይ ይጠቀልላል። እትዬ ያሉት እሱን ነው።

ባለ ጋራዥ፦ የእናንተ እድር ሌላ ነው። የእኛ ዳኛ ወንበሩን ከያዘ ማንም አላስነሳውም። ባለፈው ደግሞ አርፍደሃል ብሎ ቀጣኝ፤ ራሱ ከእኔ በኋላ ገብቶ!

ባለሱቅ፦ ቅጣቱ ስንት ነው የእናንተ? የእኛ ጨምሯል።

የፖሊ መምህር፦ እሱ እኮ የዳኛው ጥፋት ነው እንጂ የእድር ጥፋት አይደለም።

እትዬ፦ የእድራችሁን ቅጣት ሌላ ቦታ ተወያዩ። ባለ ጋራዥ፣ ልጁ ፍሬኑ አለመጥበቁን እያየ ዝም ቢልህ ይሻልሃል? መኪናው ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ታላቅነትህ አያቆመውም።

ነርስ ነኝ፦ እትዬ፣ እኔ አለቃ አይደለሁም። ዋርድ ውስጥ የመድኃኒት መጠን ስህተት አያለሁ። ስናገር «ሥራሽን ሥሪ» እባላለሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም።

እትዬ፦ አለመጥቀስሽ ጥሩ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንቺ የምትይውን ነገር አጥንታለች፤ የሆስፒታል ቡድኖችንና የመድኃኒት ስህተትን። ጥሩ የሚግባቡት ቡድኖች ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ነበር የገባችው። ቁጥሩ ሲመጣ ግን የበዛው የእነሱ ሆነ። ነገሩን ስታየው እነሱ የበለጠ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ ስለሚናገሩ ነው። ሌሎቹ ይደብቃሉ። ስለዚህ «እኛ ጋ ስህተት የለም» የሚል ኃላፊ ካያችሁ ፍሩት።

ላንቺ የምመክርሽ፦ ብቻሽን አትግቢ። ያየውን ሌላ ሰው ያዢ። «ተሳስተሃል» ሳይሆን «የዚህ በሽተኛ መጠን ይህን ያህል ነው የተጻፈው፣ አብረን እንየው?» በይ። ካርዱን ይዘሽ። ነገሩ አደገኛ ከሆነ ግን ትሕትናውን ተዪው፤ መርፌው ሳይገባ አስቁሚ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ሠራተኞቼ ስብሰባ ላይ ዝም ይላሉ፣ ምን ይሻላል?

እትዬ፦ ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

የጀልባ ማኅበር አባል፦ እትዬ፣ እኛ እንግዳ ወደ ዘጌ እናመላልሳለን። ነጂው «ዛሬ ከሰዓት አልወጣም» ይላል። ቢሮ ያለው ኃላፊ «እንግዳው ከፍሏል፣ ውጣ» ይላል። ማን ይወስን?

እትዬ፦ ነጂው።

ይቺን ሰፋ ላድርጋት። አመራር መጋራት ሲባል ሰው ሁሉም በሁሉም ነገር ድምፅ ይስጥ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ውሳኔው ዕውቀቱ ያለበት ቦታ ይሁን ነው። ጣና ጠዋት ረግቶ፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሞገዱ ምን እንደሚሆን ቢሮ ተቀምጦ አይታይም። እሱ ያያል።

የሚያየው ሰው ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። ጭጋግ ነበር። የኬኤልኤም፣ የሆላንዱ አየር መንገድ፣ ካፒቴን ትልቅ ስም ያለው አሠልጣኝ ነው፤ የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው አውሮፕላን መንገዱን አልለቀቀም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ፈርጠም ብሎ «ለቋል» አለ። መሐንዲሱ አልደገመም። ከዚያ ወዲህ ነው አየር መንገዶች ረዳቱ ካፒቴኑን እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ ማሠልጠን የጀመሩት። ችሎታ አልጎደለም ነበር። የታወቀ አለቃ ፊት ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው።

እናንተ ደግሞ ይህን በወረቀት ጻፉት፦ አልወጣም ያለ ነጂ የቀን ገቢው አይቆረጥም፣ ወረፋውም አያልፍም። እሱ ካልተጻፈ «መብት አለህ» ማለት ቀልድ ነው። ልጆች ያሉት ሰው ሞገድ እያየም ይወጣል። መጀመሪያ እምቢ ያለው ነጂ ምን እንደገጠመው ደግሞ ሌሎቹ ያያሉ። ብያለሁ።

ባለሱቅ፦ ሥልጣን ብሰጣቸው ገንዘቤን ይጨርሱታል።

እትዬ፦ ጣሪያ አድርግበት። ሪትዝ ካርልተን የሚባለው ሆቴል ማንኛውም ሠራተኛ አለቃ ሳይጠይቅ የአንድን እንግዳ ችግር ለመፍታት እስከ 2,000 ዶላር እንዲያወጣ ይፈቅዳል። አንተ 300 ብር በል። ደንበኛ የተበላሸ ዕቃ ሲመልስ ልጅቷ አንተን ፍለጋ ስልክ አትደውል። ከጣሪያው በታች ለምን አደረግሽ ብለህ ግን አትቆጣት። አንዴ ከተቆጣህ ለአምስት ብርም ትደውልልሃለች።

የቢሮ ሠራተኛ፦ እኛ ጋ ካይዘንም፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው የማሻሻያ የጃፓኖች ዘዴ፣ አለ፣ ግምገማም አለ። ሰሌዳ ተሰቅሏል። ማንም አይናገርም።

እትዬ፦ ካይዘኑን ስትወስዱ ገመዱን ረሳችሁት። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ጉድለት ያየ ሠራተኛ፣ ተራ ሠራተኛም ቢሆን፣ ገመድ ይስባል። የቡድን መሪው ይመጣል። ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። የመጣው ሰው «ማን ሳበው?» ብሎ አይጮህም፤ «ምን አየህ?» ይላል። ሰሌዳ መስቀል ቀላል ነው፤ ሥራ የሚያስቆም ሥልጣን መስጠት ነው የሚከብደው።

ግምገማውን በተመለከተ፦ ሐሳብ የሚሰበሰብበትንና ሰው የሚመዘንበትን መድረክ ለዩ። አንድ ላይ ከሆኑ ሰው ዕድገቱን እያሰበ ነው የሚናገረው። ዝም ቢል አልፈርድበትም።

ጎብኚ፦ ሠራተኛን ማብቃት እንዴት ይቻላል?

እትዬ፦ ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ የሥልጠና ባነር? የት? ማንን? ምን ሲሆን አይተህ?

ጎብኚ፦ በአጠቃላይ።

እትዬ፦ በአጠቃላይ አላውቅም።

ባለ ጋራዥ፦ እትዬ፣ ቅሬታ እየደጋገመ ያስቸገረኝን ልጅ ማሰናበት እችላለሁ?

እትዬ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26ን አንብብ። ቅሬታ ማቅረብ የስንብት ምክንያት አይሆንም፤ የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆንም እንዲሁ። የቀረውን ጠበቃ ጠይቅ። እኔ የሆቴል ሰው ነኝ።

ባለ ጋራዥ፦ ታዲያ እስከመቼ ልስማው?

እትዬ፦ ለመጀመሪያው ቅሬታ መልስ ሰጠኸው? እሺም ይሁን እምቢ፣ ምክንያቱን ነገርከው?

ባለ ጋራዥ፦ እሱን እንኳ አልነገርኩትም።

እትዬ፦ እንግዲህ የሚደጋግመው ለዚያ ነው። እምቢ ማለት ትችላለህ። ዝም ማለት ነው የማትችለው።

ባለ ካፌ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። በየሳምንቱ አንድ ልጅ ተረኛ አስተባባሪ ላድርግ ብዬ ነበር። ጥሩ ነው?

እትዬ፦ ጥሩ ነው። ግን ተረኛው ምን መወሰን እንደሚችል ቀድመህ ንገረው፤ ፈረቃ መቀያየር ይችላል? ዕቃ ማዘዝስ? አንተ ደግሞ እሱ በወሰነው ላይ ከጀርባው አትግባ። ሠራተኞቹ አንተ ጋ አቋርጠው ሲመጡ «ተረኛውን ጠይቁ» በላቸው። የሚያስቸግረው አንተን እንጂ እነሱን አይደለም።

ባለ ካፌ፦ ክፍያ ይጨመርለት?

እትዬ፦ ይጨመርለታ! ያለ ክፍያ ከሆነማ የራስህን ሥራ ነው የጫንክበት።

አስተባባሪ፦ እናመሰግናለን እትዬ። የእድር ቅጣት ላይ ገና የምትጽፉ ሁለታችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጨርሱት።