መጠይቅ በትኖ መጥፋት

ከስድስት ኪሎ የጻፍሽልኝ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የማስተርስ ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ታናሽ ወንድምሽ ኦቲዝም አለበት። ጥናትሽን የኦቲዝም ልጆች ካሏቸው እናቶች ጋር ከጥያቄው ጀምሮ አብረሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አማካሪሽ ደግሞ «ጊዜ ይበላል፤ መጠይቅ በትኚና ተመረቂ» ብለውሻል። እናትሽ ባንክ ሥራ ግቢ፣ የወንድምሽም ነገር ከቤት አይውጣ ይላሉ። ፒኤችዲ ውጭ ልማር ወይስ እዚሁ ብለሽም ጠይቀሻል።

አማካሪሽ ስለ ጊዜው አልዋሹም። ለዩኒቨርሲቲ መምህር የማዕረግ እድገት የታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል፤ ከእናቶች ጋር የጠጣሽውን ቡና ማንም አይቆጥርልሽም። ግን ይሄ «በትኚና ተመረቂ» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። በከተማችን ያሉት የኦቲዝም ማዕከላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ተመራቂው ሁሉ የሚያንኳኳው ያንኑ በር ነው። አንዲት እናት «ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው? ችግሩን መቼ አወቅሽ?» ለሚለው ለስንቱ ትመልስ? ውጤቱን ይዞ የተመለሰላትስ ማን ነው?

ስለዚህ ሐሳብሽን አትተዪው፣ አጥብቢው። አምስት ስድስት እናቶች መጠይቁን ከመበተንሽ በፊት ያንብቡት። የማይረባውን ያውጡ፣ የጎደለውን ይጨምሩ። ስታጠናቅቂ ውጤቱን በአንድ ገጽ አማርኛ ይዘሽላቸው ሂጂ። ይህን ያህሉን አማካሪሽ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ካንገራገሩ የዓለም ጤና ድርጅት ኦቲዝምና መሰል የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ላሏቸው ወላጆች ያዘጋጀውን ሥልጠና ጥቀሺላቸው። እዚህ ሲመጣ ከወላጆችና ከባለሙያዎች ጋር ተመክሮበት፣ ተስተካክሎ ነው አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ የተሞከረው። ሥራውም በዓለም አቀፍ መጽሔት ወጥቷል። አብሮ መሥራትም ይታተማል ማለት ነው።

ታዲያ እናቶቹን ጠዋት ሁለት ሰዓት ስድስት ኪሎ ቀጥረሽ «አልመጡም» ብለሽ እንዳትጽፊ። ጩኸት መቋቋም የማይችል ልጅ ይዞ ከሜክሲኮ ታክሲ መሳፈር ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ረዳቱ «ወይ እቀፊው፣ ወይ የሁለት ሰው ክፈይ» ይላል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው! እንግዲህ የትራንስፖርቱ፣ እነሱ ሲሰበሰቡ ልጆቹን የሚይዘው ሰው፣ ውጤት የምትመልሺበት ቀን፣ ሁሉም በጀትሽ ውስጥ ይግባ። ፕሮፖዛሉን ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ከማስገባትሽም በፊት ሰዓቱን እነሱ ይምረጡ።

ስለ እናትሽ ፊት ለፊት ልናገር። የተሸከሙትን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ወንድምሽን መደበቅ ሌላ። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የገዛ ልጃቸውን ነገር አደባባይ አውጥተው ነው። አንቺ ግን እናቱ አይደለሽም። ስሙንና ገመናውን በየመድረኩ የማውጣት መብት የለሽም። «ወንድሜም ኦቲዝም አለበት» ብለሽ ለአማካሪሽና ለእናቶቹ መንገር ይበቃል።

ባንኩ? የመምህር ደመወዝ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ጋር እንደማይገናኝ ማንም ያውቃል። ቤቱ በአንቺ እጅ የሚያድር ከሆነ ግቢ፤ ማንም አይፈርድብሽም። «ሰው ምን ይላል» ተብሎ ብቻ ከሆነ ግን አትግቢ።

ለፒኤችዲው አትቸኩይ። መጀመሪያ አንድ የምርምር ፕሮጀክት ላይ፣ መረጃ ሰብሳቢም ሆነሽ ቢሆን፣ ግቢ። እኔም የጀመርኩት በዚያ ነው። ቤት ለቤት የዞረ ሰው የማይመለስ ጥያቄ አይጽፍም። ከዚያ በኋላ ውጭም ሂጂ፣ እዚሁም ተማሪ።

ፕሮፖዛሉን አስተካክለሽ ላኪልኝ። መጀመሪያ የማየው የበጀቱን ገጽ ነው።