ማናችን ነን የዋሸነው?

ከአራት ኪሎ የጻፉልን እህት እንዲህ ይላሉ፦ «እናቴ በ2016 ዓ.ም. ከዶሮ ማነቂያ ልትነሣ ዕቃ ስትሸክፍ የወርቅ ሀብሏን አውጥታ ‹ይሄ የአንቺ ነው› አለችኝ። ዘንድሮ አረፈች። በአርባዋ ማግሥት ታላቅ ወንድሜ ‹እኔም ነበርኩ፤ የሁላችሁም ነው ያለችው› አለ። ‹ዋሽተሃል› አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ያን ቀን ቡና ያፈሉልንን ጎረቤታችንን ‹ለእኔ ብላ አልሰጠችኝም?› ብዬ ልጠይቃቸው ነው።»

እህቴ፣ ሁለታችሁም የምታስታውሱትን በቅንነት እየተናገራችሁ ሊሆን ይችላል። ትዝታ እንደተቀዳ ድምፅ ተቀምጦ አይጠብቀንም። ባነሣነው ቁጥር እንደ አዲስ ይገጣጠማል፤ ኋላ የሰማነውና የተመኘነውም ይገባበታል። ያንን ቀን ለለቅሶ ደራሹ ስንት ጊዜ አወሩት? ወንድምዎስ ለባለቤታቸው? በተወራ ቁጥር እርግጠኝነቱ ይጨምራል። እርግጠኛ መሆን ግን ማስረጃ አይደለም።

የበለጠ ያሳሰበኝ ለጎረቤትዎ ያዘጋጁት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። አንዱን ቡድን መኪኖቹ «ሲጋጩ»፣ ሌላውን «ሲጨፈላለቁ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ቡድን 50 ተማሪዎች 7ቱ፣ ከሁለተኛው 50 ደግሞ 16ቱ «አዎ» አሉ። በፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ጎረቤትዎም እርስዎ ያቀበሏቸውን መልስ የራሳቸው ትዝታ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ፤ ያኔ ያለችዎትን አንዲት ምስክር አጡ ማለት ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ባሉበት «ያን ቀን ምን ምን ትዝ ይልዎታል?» ብቻ ይበሏቸው። የሀብሉን ነገር እርስዎ አያንሡት። አላስታውስም ካሉም አይጎትጉቷቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሀብሉ የማን ይሁን የሚለው በትዝታ የሚፈታ አይመስለኝም። እናታችሁ በጽሑፍ የተናዘዙት ከሌለ፣ ተቀምጣችሁ ዛሬ የምትወስኑት ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌም ቢገባበት አይከፋም። ከዚያ በፊት ግን «ዋሽተሃል» ያሉትን ቃል ያንሡ። «ጋሼ፣ እኔ ትዝ የሚለኝ እንዲህ ነው፤ አንተን ደግሞ እንዲያ ነው ትዝ የሚልህ» ማለት ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ያን ዕለት ዘመድ ሁሉ የየራሱን ትዝታ ይዞ ይመጣልና።