«ዴር» የሴትም ይሆናል፦ ጀርመንኛ ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ዴር ለወንድ ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ ስለ ማሪ ኩሪ ሲነገር ለምን ‹ዲ ፎርሸሪን፣ ዴር ማን 1911 ዴን ኖቤልፕራይስ ፈርሊ› ይባላል?» ትርጉሙ «እ.ኤ.አ. በ1911 የኖቤል ሽልማት የሰጧት ተመራማሪ» ነው፤ ከኮማው በኋላ ያለችው «ዴር» ስሙን ከሚገልጸው ሐረግ ጋር የምታያይዝ አንጻራዊ ተውላጠ ስም ናት። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በየክፍሉ አሥራ ስድስት ሳጥን ያለው የእነዚህ ተውላጠ ስሞች ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ተማሪው ከእናቱ የተማረው አማርኛ ግን ከበር ውጭ ይቀራል። የእናንተ ዘመን ልጆች ደግሞ ሠንጠረዡን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ «ያዝኩት» ትላላችሁ። ፎቶ ማንሣት መማር አይደለም።

ሠንጠረዡን ለጊዜው ተዉትና አንድ ሰው ምረጡ። እኔ የምመርጠው አባ ጎርጎርዮስን ነው። የመካነ ሥላሴው ካህን እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ጎታ ድረስ ሄዱ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረቱ እርሳቸው ያስተማሩት ነው። አሁን ስለ እርሳቸው አራት ነገር በጀርመንኛ እንበል፤ ሁሉም «ዴር ፕሪስተር» ብለው ይጀምራሉ።

ወደ ጎታ የመጡት ካህን፦ «ዴር ፕሪስተር፣ ዴር ናኽ ጎታ ካም»።
ሉዶልፍ ሮም ያገኛቸው ካህን፦ «ዴር ፕሪስተር፣ ዴን ሉዶልፍ ኢን ሮም ትራፍ»።
ሉዶልፍ ደብዳቤ የጻፈላቸው ካህን፦ «ዴር ፕሪስተር፣ ዴም ሉዶልፍ ብሪፈ ሽሪብ»።
ሉዶልፍ ተማሪያቸው የነበረ ካህን፦ «ዴር ፕሪስተር፣ ዴሰን ሹለር ሉዶልፍ ቫር»።

የአማርኛውን ግስ ጅራት ተመልከቱ። ካህኑ ራሳቸው ሲመጡ ዴር ነው። «ያገኛቸው» ላይ ድርጊቱ እርሳቸው ላይ ያርፋል፤ ዴን። «የጻፈላቸው» ውስጥ «ለ» አለች፤ ዴም። «ተማሪያቸው» ላይ ባለቤትነቱ ከስሙ ጋር ተጣብቋል፤ ዴሰን። ጾታና ቁጥር ከኮማው በፊት ካለው ስም ይወሰዳሉ፤ ሙያው፣ ማለትም ተውላጠ ስሙ በሐረጉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ (አድራጊ፣ ተደራጊ፣ ተቀባይ ወይም ባለቤት)፣ ግን ከኮማው በኋላ ካለው ክፍል ነው የሚመጣው። ተማሪ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ሙያውንም ከፊተኛው ስም ስለሚወስድ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ መሄዱ ሌላውን ያስቸግር ይሆናል፤ አማርኛ ተናጋሪን ግን ሊያስጨንቀው አይገባም።

ወደ ማሪ ኩሪ እንመለስ። እዚህ ላይ የጅራቱ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። «ሽልማት የሰጧት» ስንል «ለ» አትታይም፤ «ያገኟት» እንደማለት ነው የሚመስለው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የተሰጠው ምንድን ነው? የተሰጠው ሽልማቱ ነው፤ «ዴን ኖቤልፕራይስ» ተብሎ ዴንን ወስዷል። ተቀባይዋ ሦስተኛውን ሙያ፣ የ«ለ»ን ቦታ፣ ትይዛለች፤ የሴት ነጠላ በዚህ ሙያ ደግሞ «ዴር» ነው። መልኩ ከወንዱ ጋር አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ሌላ ነው። «ሄልፈን» (መርዳት) እና «ዳንከን»ም (ማመስገን) እንዲሁ ያታልላሉ፤ በአማርኛ «የረዳው»፣ «ያመሰገነው» እንላለን እንጂ «ለ» የለም፤ ጀርመንኛው ግን ዴም ይፈልጋል። እነዚህን ግሶች ከነሙያቸው ያዟቸው፤ አቋራጭ የለውም።

ስለ ግሱ ቦታም አንድ ነገር ላክል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ለብቻው በቆመ ዓረፍተ ነገር «ኤር ሽቴልተ አይነን ቬልትሬኮርድ አውፍ» ይባላል፤ «አውፍ» ተነጥላ መጨረሻ ላይ ትቆማለች። ወደ «ዴር ሎይፈር፣ ዴር…» (ሯጩ፣ እርሱም…) ስትቀይሩት ግን «አውፍ» እና «ሽቴልተ» ተመልሰው ይገጥማሉ፦ «ዴር ሎይፈር፣ ዴር አይነን ቬልትሬኮርድ አውፍሽቴልተ»። ነጥሎ መጻፍ በፈተና ወረቀት ላይ የማየው የዘወትር ስሕተት ነው።

በ2023 እዚያው በርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስለገባችው ትዕግሥት አሰፋ ስትጽፉ ደግሞ «ዲ ሎይፈሪን፣ ዴረን ሬኮርድ» (ክብረ ወሰኗ … የሆነ ሯጭ) በሉ። «ሬኮርድ» የወንድ ስም ነው ብላችሁ ዴሰን አትጻፉ፤ የሚታየው የክብረ ወሰኑ ባለቤት የሆነችው የሯጯ ጾታ እንጂ የንብረቱ አይደለም።

በእንግሊዝኛ በኩል የምትማሩ «ዴር ማን፣ ቬር…» (ሰውየው፣ ማን…) እያላችሁ ትጽፋላችሁ። ቬር መጠየቂያ ነው፤ «ዴር ማን» ካላችሁ በኋላ እዚህ ቦታ አይገባም። እንግሊዝኛ ተውላጠ ስሙን አንዳንዴ ይጥለዋል፤ ጀርመንኛ ፈጽሞ አይጥልም። ኮማውም ግዴታ ነው።

ሠንጠረዡን ተዉት ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከአሥራ ስድስቱ ሳጥኖች አሥራ አንዱ ከምታውቁት መስተአምር፣ ከስም በፊት ከሚገቡት ከእነ ዴር፣ ዲ፣ ዳስ፣ አይለዩም። በአምስቱ ውስጥ ያሉት አዲስ ቃላት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ዴሰን፣ ዴረን፣ ዴነን። እነዚህን በቃላችሁ ያዙ። ለዴነን የተረት ሰብሳቢዎቹን የግሪም ወንድማማቾችን ውሰዱ፤ የመጀመሪያው ጥራዛቸው የወጣው በ1812 ነው፦ «ዲ ብሩደር ግሪም፣ ዴነን ቪር ፊለ ሜርኸን ፈርዳንከን» (ብዙ ተረት ያገኘንባቸው የግሪም ወንድማማቾች)። ብዙ ስለሆኑ የመስተአምሩ «ዴን» እዚህ አይበቃም።