ጥያቄና መልስ፦ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ እና የኩላሊት ቀጫጭን የደም ስሮች

ጥያቄዎቻችሁን አቅርቡ። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ማለት ሱፐርኦክሳይድን የመሳሰሉ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ሰውነት ሊያስወግዳቸው ከሚችለው በላይ ሲበዙ ነው፤ አንቲኦክሲዳንት የሚባለው እነዚህን የሚያከሽፍ ነገር ነው። የማንንም የምርመራ ውጤት አላነብም። «የትኛውን የአንቲኦክሲዳንት እንክብል ልግዛ?» ለሚለውም መልሴ አንድ ነው፦ ለኩላሊት ብላችሁ ምንም አትግዙ።

ጥያቄ፦ ሱፐርኦክሳይድ የደም ስሩን የሚያጠበው ሕዋሱን ገድሎ ነው?

መልስ፦ መግደል አያስፈልገውም። የደም ስሩ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙ አጠገቡ ወዳለው ጡንቻ ዘልቆ ያላላዋል። ሱፐርኦክሳይድ ይህን ጋዝ ገና ሲያገኘው ይዋሃደዋል፤ ውጤቱም ፐርኦክሲናይትራይት ነው። የሚያላላው ሲጠፋ ጡንቻው ይኮማተራል። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ፐርኦክሲናይትራይት ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም ያለ እርሱ መሥራት የማይችለውን ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን ያበላሻል። ያኔ ኢንዛይሙ ራሱ ሱፐርኦክሳይድ ማምረት ይጀምራል። ዘበኛው ከሌባው ጋር አበረ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ኩላሊት ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኩላሊት ብዙ ደም እያገኘ ለምን በቀላሉ ይጎዳል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኩላሊቶች ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይቀበላሉ፤ ሆኖም አብዛኛው በውጭኛው ክፍል ይቀራል። ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ወደ ሜዱላ፣ የሚወርደው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው። የደም ስሮቹ ቀጥ ብለው ወርደው ጎን ለጎን ተመልሰው ስለሚወጡ ኦክስጅኑ ከወራጁ ወደ ወጪው እየተሻገረ ጥልቁ ጋ ሳይደርስ ያመልጣል። በዚያ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። እዚያው ጎረቤት ጨው መልሰው የሚስቡ ቱቦዎች ኦክስጅኑን ይሻማሉ፤ ሱፐርኦክሳይድም ያመርታሉ። ወራጆቹን የደም ስሮች የከበቡት ፔሪሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ጥቂት ቢኮማተሩ እንኳ ጉዳቱ ከባድ ነው። በአይጦች ላይ ሱፐርኦክሳይድን የሚያስወግደውን ኢንዛይም ሜዱላው ውስጥ ብቻ ሲያዳክሙት የሜዱላው የደም ፍሰት ቀነሰ፤ የመላው ሰውነት የደም ግፊትም ጨመረ። ጥቂት ሕብረ ሕዋስ የመላውን ሰውነት ግፊት ሲያዝዝ!

ጥያቄ፦ በደም ምርመራ የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሬያቲኒኔ ከፍ ብሏል፤ ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን ኢ ይረዳል?

መልስ፦ መግቢያዬን አንብበዋል? ለልብና ለደም ስር በሽታ በተጋለጡ ከ9,000 በላይ ሰዎች ላይ በየቀኑ 400 ዩኒት ተሞክሮ ውጤቱ በ2000 ወጣ፤ ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)ም ሆነ ከስትሮክ አላዳናቸውም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ኦክሳሌት ይሆናል፤ ኦክሳሌት ኩላሊት ውስጥ ይጠጥራል።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ባርዶክሶሎን የተባለው መድኃኒት ሰውነት ኦክሲዴቲቭ ስትረስን የሚቋቋምበትን የራሱን መከላከያ ያነቃቃል፤ እርሱስ?

ሌላ አባል፦ የመድኃኒቱ ትልቁ ሙከራ በ2012 የተቋረጠው የልብ ድካም ስለበዛ መሆኑን ረሱት?

የመጀመሪያው አባል፦ አልረሳሁም። ሐሳቡ ግን አልወደቀም።

ሦስተኛ አባል፦ ናይትሪክ ኦክሳይድን ካነሳን አይቀር፣ ለዚህ ጋዝ ግኝት የተሰጠው የ1998ቱ የኖቤል ሽልማት የጋዙን ተመራማሪ ሳልቫዶር ሞንካዳን መዝለሉ ተገቢ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። ይህን ክርክር ሌላ ቦታ ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ የደም ስሮችን የሚያጠበው ሆርሞን አንጂዮቴንሲን 2 ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ብዙ። ኤንኤዲፒኤች ኦክሲዴዝ የተባለውን፣ ሱፐርኦክሳይድ የሚያመርተውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። አንጂዮቴንሲንን የሚገቱ መድኃኒቶች ምንጩን ይነካሉ፤ እንክብሎቻችሁ ግን የፈሰሰውን ለመልቀም ይሮጣሉ። መድኃኒቶቹንም ሐኪም ያዝዛል እንጂ እኔ አላዝም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንቲኦክሲዳንት መጀመር እችላለሁ?

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ከላይ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ሱፐርኦክሳይድ በደም ምርመራ ይታያል?

መልስ፦ ናሙናው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ይጠፋል። ተመራማሪዎች የሚለኩት አሻራውን ነው፤ ስብ ሲጎዳ የሚፈጠረውን አይሶፕሮስቴንን። እርሱም ቢሆን ጉዳቱ በየትኛው የደም ስር እንደደረሰ አይነግራችሁም።