ራስ ምታቱ ሲተዋቸው የግፊት መድኃኒት ይቆማል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። አምና ግፊት አለሽ ተብላ አምሎዲፒን ታዘዘላት። አሁን «ራሴን ከተወኝ ቆየ፣ ድኛለሁ» ብላ ኪኒኑን አቁማለች። እግሬን ያሳብጠኛልም ትላለች። ጠበል ጀምራለች፣ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ይበቃኛል ባይ ናት። ወንድ ልጇ እኔ ብቻ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬ ነገ ሳትል ይዘሃቸው ሂድና ይለኩ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ላይኛው 170 ሆኖም ሰው ገበያ ውሎ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ ቡና አፍልቶ ያመሻል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ልብን፣ ኩላሊትንና የጭንቅላት ደም ሥርን እየጎዳ ነው። ኪኒኑ የሚዋጠው ይህን ለመከላከል ነው እንጂ ለራስ ምታት አይደለም።

የእግራቸውን እብጠት ሰበብ ነው ብለህ እንዳታልፈው። አምሎዲፒን ይህን እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፣ እሱም ግፊት ይጨምራል።

ጠበሉን አትከልክላቸው፤ ኪኒኑን ትተው እንዳይሄዱ ብቻ። አንተን እምቢ ካሉ የነፍስ አባታቸውን አማክር፣ ብዙ እናቶች እሳቸውን ይሰማሉ። ለጾም ሰዓትም ሐኪሙ ያመቻችላቸዋል። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ይብሉት፣ የኪኒኑን ቦታ ግን አይተካም።

አሁን ወደ ማድቤት እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። የኛ በርበሬ ግን ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ላይ ደግሞ ይደገማል፣ የጣና ዓሣ ተጠብሶ ሲቀርብ ሚጥሚጣው ራሱ ጨው አለበት፣ በዚያ ላይ ገጠር ያደጉ እናቶቻችን ቡናውንም በጨው ይወዱታል! መጀመሪያ የቡናው ጨው ይቅር። ቀጥሎ በርበሬው ያለ ጨው ይዘጋጅና ወጡ ላይ ብቻ በልኩ ይጨመር። መጀመሪያ አልጫ አልጫ ይላቸዋል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ምላስ ይለምደዋል።

እንቅስቃሴም አለ። አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ጠዋት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ፈጠን ብለው ቢሄዱ ግማሽ ሰዓት ይሞላል። አብረሃቸው ሂድ።

ሲለኩ ቡና ከጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። 5 ደቂቃ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ። በተለያየ ቀን 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናው ገና ይቀረዋል ማለት ነው።

አፋቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ ግን እስኪሻላቸው አትጠብቅ፣ ወዲያው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። ግፊት በዘር ስለሚሄድ፣ እሳቸውን ስታስለካ አንተም ክንድህን ስጥ።