ሞተር ሳይክል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 150 ሲሲ ሞተሬ ከማርሽ መርገጫው ሥር ዘይት ያንጠባጥባል። ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን ቀለበት) ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ፤ ሳምንት ሳይቆይ ይጀምረዋል። መካኒኩ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት» ይላል። ላስከፍተው? (ከደሴ)

መልስ፦ ገና ነው። አዲስ ሲል በሳምንቱ ካፈሰሰ፣ ከውስጥ የሚገፋው አለ ማለት ነው። ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለው ቦታ በ150 ሲሲ ይጠባል፤ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር ይህም 5,000 ጊዜ ይሆናል። በፋሻው ጎን ሾልኮ የሚወርድ ጋዝም አለ፤ አዲስ ሞተር እንኳ ጥቂት ያሳልፋል። መውጫው ወደ አየር ፊልትሮው ሣጥን የምትሄደው መተንፈሻ ጎማ ናት። እሷ ከታፈነች ግፊቱ በሲልና በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) ክዳን ጋስኬት በኩል ይወጣል፣ ዘይቱንም ይዞት ይወጣል።

ጎማዋን ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉ። በታንከሩ ሥር ታጥፋ ወይም ተጨፍልቃ እንዳልሆነ ይዩ፤ በናፍጣ አጥበው አየር ይንፉባት። ከተበላሸች የውሃ ጎማ አይተኩ፤ ዘይትና ሙቀት ያለሰልሱታል፣ ግድግዳውም እርስ በርሱ ይጣበቃል። የነዳጅ ጎማ ይግዙ፣ ቀዳዳው ከነባሩ የማይጠብ። ከፊልትሮው ሣጥን ሥር የምትንጠለጠል ጫፏ የተደፈነ ጎማ ካለችም የተጠራቀመውን ያፍስሱ፤ ይህችን ብዙ ሰው ይረሳታል።

የዘይቱን ልክም ይዩ። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቀጥ አድርገው አቁመው፣ 3 ደቂቃ ይጠብቁ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ይቀንሱ፤ «ሊትሩ ይለቅ» ተብሎ ጠርሙሱን መገልበጥ የተለመደ ጥፋት ነው።

ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ጎማዋን በፊልትሮው በኩል ነቅለው በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡ በዝቅተኛ ዙር) ያቆዩት። ቱፍ ቱፍ የሚል ለስላሳ ትንፋሽ ጤናማ ነው። ሳያቋርጥ ወፍራም ጭስ ከወጣ ግን መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል። የጋዝ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ያስለኩ፤ በካንዴላው ቀዳዳ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምረው ይድገሙት። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ፋሻ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ደህና ሞተርም በባሕር ጠለል ከሚሰጠው በሩብ ያህል ያነሰ ያነባል። ይህን ሳያሰሉ ደህና ፋሻ የሚያስጥሉ አሉ።

ጥያቄ፦ ካርቡሬተሩ ዘይት እንዳይጠጣ መተንፈሻዋን ከፊልትሮው ነቅዬ ወደ ታች ለቀቅኳት። ችግር አለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አለው። ፒስተኑ ሲወጣ ጎማዋ መልሳ ትስባለች፤ የምትስበው ያልተጣራ አቧራ ነው፣ ወራጅ ውሃ ሲሻገሩ ደግሞ ውሃ። የባሰው፣ ጫፏ ከኋላ ጎማው አጠገብ ከሆነ የሚንጠባጠበው ዘይት ጎማው ላይ ያርፋል፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ያ ቀልድ አይደለም። ወደ ቦታዋ ይመልሷትና ዘይቱ ለምን እንደሚመጣ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወይ በዝቷል፣ ወይ ፋሻው ለቋል።